ወለድ

ኤድመንተን፣ ሌሊት ነው። ከሥራ ገብቼ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ ፖስታዎች ዘርግቼ፦
አንደኛው ለኪራይ፣ ሁለተኛው መብራት፣
ሦስተኛው ባዶ ነው፤ «ልደቱ» ያልኩበት።

እኔ አምጬ ወለድኩ አንድ ልጅ፤
አባቱ የተወው ካርድ ግን፣ ከመቶ ሃያ እያለ፣
በየወሩ ይወልዳል
ያለ ምጥ፣ ያለ አዋላጅ።
የርሱንም የማሳድግ እኔ ነኝ።

ጠዋት ኪራዩን ስቆጥር ሁለት ዶላር ተርፎኛል፤
ሦስቴ ደገምኩ። ያው።
የወለቀ ጥርሱ ዋጋ ነው፣
ቅዳሜ ከትራሱ ሥር የሸጎጥኩለት።
እሱ ወተቱን ይጠጣል፤ ቀና አይልም።

ደብተሬን ገለጥኩ፤ ከባንኩ ስም በታች
«ለሶፎንያስ፣ ሁለት ዶላር» ብዬ ጻፍኩበት፤
ወለድ የሚለው ሥር
ስሙን ደገምኩበት።