ቱርጁማን

ዊኒፔግ፣ የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
ጢሜ ላይ በረዶ፣ ከጫማዬ ስር መስታወት።
ሴልከርክ ጎዳና፣ ከቁልፍ ሠሪው ጎን ያለች ጠባብ ቤት፦
«ፍሪሰን የሒሳብና የግብር አገልግሎት»።

እሱ ከማሞቂያው ጥግ እንደ ታሰረ በሬ ቆሟል፤
መልኩ የወየበ፣ ሆዱ የሰፋ፣ አንድ ጎማው ወልቋል፣
በጎማው ፈንታ ያረጀ የስልክ ማውጫ ተነጥፎለታል።
ሃያ ዓመት ወረቀት ውጦ ወረቀት የተፋ
ፎቶኮፒ ማሽን።
«ኮፒማ ያወጣል» አሉኝ ወይዘሮ ፍሪሰን፣
«ስካን ነው እምቢ ያለን።
ያበራል፣ ያጉረመርማል፣ መጨረሻው ‹አልተገናኘም›።
ጃስዲፕ ሰርቨሩን ከቀየረው ወዲህ ሰላምም አይባባሉም።»

መስኮቷ የክብሪት ቀፎ ታህላለች። አንዲት ፊደል ለማግኘት
አንዱን ቁልፍ አራት ጊዜ መጫን፣ ቆም ብሎ መጠበቅ።
የይለፍ ቃሉን ሦስቴ ጻፍኩ። አድራሻው ልክ፤ ገመዱም ጤና።
እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ያንኑ ይላል እንደገና።

የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ፤ የዘበኛ ማስታወሻ ይመስላል፦
«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። አንድ እንግዳ ደጅ ቆሟል፤
በጥንት ቋንቋ ሰላም አለ። አልተከፈተለትም።»
«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ያው እንግዳ። ያው ሰላምታ።
አልተከፈተለትም።»

ለካ ጠብ አይደለም።
አሮጌው ከመጀመሪያው ቋንቋ ሌላ አልተማረም፣
አዲሱ ሦስተኛውን ካልሰማ መዝጊያ አያነሳም።
የድሮውን ቋንቋ ሌቦች አጥንተውት፣
በሱ ያንኳኳ ሁሉ ሌባ ይባል ተብሎ ሕግ ወጥቶበት።
ሕጉ ልክ ነው።
አሮጌውም ሌባ አይደለም። ጉዱ ይኸው ነው።

ለጃስዲፕ ደወልኩ፦ «ለሱ ብቻ በሩን ገርበብ ብታደርገው?»
«የሰው ደመወዝ፣ የሰው ዕዳ ባለበት ቤት? አላደርገው!
አራት ሺህ ዶላር ያውጡና ይገላገሉት» አለ።
አልተቀየምኩትም፤ እሱን ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበረ።

ወይዘሮ ፍሪሰን ሰምተዋል። መነጽራቸውን አወለቁ።
«አያቴ» አሉ፣ «ስታይንባክ ነው የኖረችው፣
ከሜኖናይቶች ጀርመንኛ በቀር አታውቅም።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ የባንኩ መስኮት ጋ ስለማልደርስ ታቅፈኛለች፤
እሷ ለእኔ፣ እኔ ለሰውየው፣
ሰውየው ለእኔ፣ እኔ ለእሷ።
ባንኩ ጀርመንኛ ሳይማር፣ እሷ እንግሊዝኛ ሳትችል
አንድ ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም።
አንድ ቀን ብቻ፣ ሰውየው ስለሷ የተናገረውን
አልተረጎምኩላትም።»

ዝም አልኩ። ጃኬቴን ሳልቆልፍ ወደ መኪናዬ ወጣሁ፣
ከኋላ ወንበር ስር፣ ከሽቦ ክምር ውስጥ አንዲት ሳጥን አወጣሁ፤
የሳሙና ዕቃ የምታህል ኮምፒውተር። ብርዱ ዘልቋታል፤
ማሞቂያው ጥግ አስጠጋኋት፤ ለካ የእኔም ጣት ደንዝዟል።

ሁለት ገመድ ሰካሁባት። አንዱ ወደ አሮጌው ብቻ፣
ሌላ ጆሮ እንዳይደርስበት በገዛ መንገዱ፣ ለብቻ፤
ሌላው ወደ ሰርቨሩ፣ በአዲሱ ቋንቋ፣ በአዲስ ቁልፍ፤
እሱ ከእጇ ያኖራል፣ እሷ ታደርሳለች ቅንጣት ሳይተርፍ።

መጀመሪያ አልሆነም። ሁለተኛም። በሦስተኛው
(አንዲት ነጥብ ረስቼ ኖሯል) የሥጋ ቤት ደረሰኝ ሰጠነው፤
ዋጠ፣ አበራ፣ አጉረመረመ፣
ደረሰኙም ከወይዘሮዋ ስክሪን ላይ ሄዶ ተጋደመ።
ቀኑ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።
«ተሳስቷል» አሉ።
«በእኛ አገር አቆጣጠር ልክ ነው» አልኳቸው።
አልገባቸውም፤ ግን ሳቁ።

«ስም ትፈልጋለች» አልኩ፣ «ዝርዝሩ ውስጥ የምትታወቅበት።»
አሰቡ። «ቲና በላት» አሉ፣ «ያኔ የምጠራበት።»

አሁን በዚያ ቤት ሰርቨር፣ ፕሪንተር፣ ቲና ይላል ዝርዝሩ።
ቀን ሙሉ ታመላልሳለች፣ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ፤
ሰርቨሩ ስለ አሮጌው የሚለውን ግን፣
«ጊዜው ያለፈበት፣ የማይታመን» የሚለውን፣
አንድም ቀን አልተረጎመችለትም።