የመጀመሪያው ጠፍር

ኦቦ ቱፋ ያን ’ለት ወስፌውን አልሰጡኝ፤
ጋሪ ተራ ድረስ እጄን ይዘው ሳቡኝ።
«ዳብሰው፣ ዳብሰው» አሉኝ፣ «ይህን ገጣባውን፤
ቆዳ ሳትቆርጥ እወቅ የሚያቆስለውን።
ሰነፍ ሰፊ አስሯት ወደ ውስጥ የዞረች
ትንሿ ቋጠሮ ይህን ሥጋ በላች።»

የአዳማ ነፋስ አቧራ ሲነፋ
ባጃጅ ነጂው ሳቀ፦ «ለማን ነው ’ምትሰፋ?»
እውነቱን ነው። ተራው የቀረው አምስት ፈረስ፣
አንዱም አንካሳ ነው።
ሰም አሸሁ፣ ክር አከረርኩ፣ እስኪመሽ ድረስ።
ባንዲት ቀዳዳ ላይ ሁለት ክር ሲያልፍ
ጣቴ ነበር ቀድሞ ወስፌው ጫፍ የሚያርፍ።

ሳምንት ሙሉ ሰፍቼ ጠፍሩን ባቀርብላቸው
ባርኔጣ አውልቀው አጠለቁት ባንገታቸው፤
ዞር ዞር አሉና
«እዚህ ጋ፣» አሉ፣ «ይቆረቁራል።
ፍታው።»