የሳህን ክርክር

የነዚፍ ሳህን ሰፊ ነው፣ የሰርግ ትሪ ያህላል፣
ክንድ ሙሉ ወደ ታች «እሰማለሁ» ይላል።
የኔዋ ጠባብ ናት፣ መዳፍ ላይ ትውላለች፣
ከስንዝር በታች ያለን «አላውቅም» ትላለች።
ሁለቱም ያው ሽቦ፣ ጥቅልል መዳብ፣
ልዩነቱ የክቡ መስፋትና መጥበብ።

ሬዲዮ ስጠግን አረጀሁ፣ ከመርካቶ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቤት፤
መዳብ ሲጠቀለል አየር እንደሚሰማ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ መሬት
እንደሚሰማ ግን ያሳየኝ ነዚፍ ነው፣
ወንድሙ ከጅዳ የላከለትን ካርቶን የፈታ ዕለት ነው።

«ትልቁ ይሻላል» አለ። «ትንሿ» አልኩ። እንዲህ ስንል ሁለት ክረምት ወጣ።
«ምን አገኛችሁ?» ይለናል የመጣው የሄደው። ምን ያልወጣ!
የቢራ ቆርኪ፣ ስድስት መቶ ሲደርስ መቁጠሩን ተውነው፤
የሰርዲን ጣሳ፤ የበቅሎ ልጓም፤ ቤቱ የጠፋበት ቁልፍ፤
አንበሳው የተፋቀ አሥር ሳንቲም፤
አንዲት ማርትሬዛ፣ እሷም የተበሳች፣ ካንድ አንገት ወድቃ የቀረች።
ነዚፍ በመዳፉ አጥቧት ሲያያት ዓይኑ ረጠበ።
«ዝናብ ነው» አለ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር።

በፈረሰው ወፍጮ ቤት ግቢ ሚስማር እንደ ጤፍ ተዘርቷል፤
ሰፊው ሳህን አሥሩን ባንዴ እየሰማ ያጓራል።
የኔዋ ግን በሚስማርና በሚስማር መሐል ገብታ
ታወጣለች፣ እንደ ዶሮ፣ ጥሬዋን ከጠጠር ለይታ።
ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።
በሳምንቱ ቦዬ ረግረግ ዳር አፌን ዘጋሁ፤
ነዚፍ ከጉልበት በታች፣ ከደለል ሥር፣ ማረሻ አወጣ፤
የኔዋ በዚያው ላይ ሦስቴ አልፋ፣ ጭጭ።

ደግሞ የጅማ አፈር! ቀይ ነው፣ ራሱ ብረት አለበት፤
ዝናብ ሲጠግብ ምንም ሳይቀበርበት
ይጮሃል። ቁልፏን ቀስ እያሉ አዙሮ
አስቀድሞ እሱን ማስለመድ ነው፤
«አንተን አይደለም የምፈልገው» ብሎ መንገር ነው።

ጥቅምት ላይ ረውዳ መጣች፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቷ፣
ጭቃ የጠጣ ቦቲ ተጫምታ፣ የታጠፈ ካርታ በብብቷ።
ጊንጆ ሰፈር ውሃ ካጣ ሃያ ቀን፤
መንገዱ ሲሠራ ጠጠር ተደፍቶ ቫልቩ ጠፍቷል፤
ካርታው «ከባሕር ዛፉ ሦስት ሜትር» ይላል፤
ባሕር ዛፉ ተቆርጧል።
«ወርቅ ፈላጊዎቹ እናንተ ናችሁ?» አለች። ተያየን።
ወርቅስ በዕድሜያችን አላየን።

ነዚፍ ሰፊውን ይዞ መንገዱን ያጭደው ጀመር፣
ልጆች ከኋላው፣ ከልጆቹ ኋላ ፍየል።
መድኃኒት ቤቱ ደጅ ሲደርስ ጮኸ፤ አምስት እርምጃ ሙሉ ጮኸ።
«እዚህ አለ!»
«የትኛው እዚህ?» አለ የቀን ሠራተኛው ዶማውን እንደ ሰቀለ።
ያኔ የኔዋን አወረድኳት፣ መሬቱን እያስላስኩ፤
አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ተነፈሰች። ምራቄን ጣል አደረግኩ፣
«እዚህ ጋ።»

ዶማው አራተኛው ላይ «ቋ!» አለ።
ነዚፍ ጭቃውን በክርኑ እየጠረገ «ትልቁ ነው ያገኘው» አለ።
«ትንሿ!»
«ዝም በሉና አዙሩ» አለች ረውዳ።

ዝጓል፤ ለሁለት ተንጠልጥለን አዞርነው።
ቢጫ ጀሪካን እስከ መስጊዱ ጥግ ተሰልፏል፤
ፕላስቲክ ነው፣ ሳህኖቻችን አይሰሙትም።
ውሃንም አይሰሙትም።
መጀመሪያ አየር አንኮራፋ፣ ከዚያ ቀይ ትውከት፣
ከዚያ ከታችኛው ሰፈር የአንዲት ሴት ጩኸት፣
ከዚያ ባልዲ ባልዲን ሲገጭ።

ነዚፍ አሁንም አጎንብሶ ቫልቩን ያዳምጣል፣
ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንደ ተጣበቀ።
ቀስ ብዬ አወለቅኩለት።