የቃለ ጉባኤው ኅዳግ

ታሪኩ ተፈታ፤
ስምንት ዓመት ታስሮ፣ ሐሙስ ወደ ማታ
በባጃጅ ተጭኖ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ
ከእናቱ ቤት ገባ፣ አንገቱን አዘንብሎ።
የእናቱ ቤት መስኮት ሲከፈት ጠዋቱን
የሚያየው ደጁን ነው፣ የትምህርት ቤቱን።

ቅዳሜ ተጠራን፤ ከቀበሌው ጓሮ
ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣ ከጋለው ቆርቆሮ
ላቡ እየወረደ ሰዉ ተሰበሰበ፤
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ። አጀንዳው ተነበበ፦
«የተፈረደበት ሰው ስለሚኖርበት ስፍራ።»
እንዲህ ነው በመዝገብ ክፉ ነገር ሲጠራ፤
ፊቱን ታጥቦ ይገባል፣ ሰው መስሎ፣ ከኛ ጋራ።

ዘሀራ ቀደመች፣ ሦስት ልጅ ያሳደገች፣
ታይዋን ገበያ ላይ ጨርቅ እየሸጠች፦
«ሕግ አላውቅም እኔ፤ የማውቀው ልጄን ነው፤
ብቻዋን ነው የምትሄድ፤ የሚያያት ማነው?
ቅጣቱን ጨረሰ? ይጨርስ፤ መልካም ነው፤
የኔ የሚጀምረው ከዛሬ ጠዋት ነው።»
ማንም አልተቃወመ። በልቤ «እውነት» አልኩ፤
ቃል በቃል ጻፍኩት፣ አንድም አልቀነስኩ።

መምህር ኢልያስ ግን ካርታ ዘረጋ፤
«እንግዲህ» አለና ክርና እርሳስ አስጠጋ።
ከያንዳንዱ ትምህርት ቤት አምስት መቶ ሜትር፤
ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከቁርአን ቤት በር፤
ክሩ ዞረ፣ ዞረ፤ ክቡ ክብ ወለደ፤
ከዚራ ተዋጠ፣ ሳቢያን ተጠመደ፣
ለገሃሬ አለቀ፣ መጋላም አለቀ፤
አንድ ነጭ ስንጥቅ ብቻ ከእርሳሱ ራቀ፦
ደቻቱ። አሸዋው። የደረቀው ወንዝ ሆድ።
ጎርፍ የሚያውቀው መንገድ።

ጋሽ ፋንታዬ፣ ባቡረኛው፣ ጡረታ የወጣ፣
መፋቂያውን ካፉ ቀስ አድርጎ አወጣ፤
«እዚያ ላይ እኮ ነው ልጆች ኳስ የሚጫወቱ።»
ዝም አለ ሁሉ። ባጃጅ አለፈ፤ ቀረ ጩኸቱ።
«ደግሞስ ካሳደድነው፣ መልካ ጀብዱ ልጅ የለም?
ገንደ ገራዳስ እናት በሯን አትዘጋም?
እኛ ዓይን አለን፣ እናውቃለን ፊቱን፤
እዚያ ማን ያውቀዋል? ማን ይጠብቃል ቤቱን?»
ዘሀራ ተቆጣች፦ «የልጅህ ልጅ ብትሆን?»
መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝ አሁን።

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት
ስለ ልጅቷ አንድ ሰው አላነሳ፣ በስህተት።
እሷን እኮ ቀድመን አስወጥተናታል፤
ክብ አልሳልንባትም፤ ዓይናችን በቅቷታል።
ቦኖ ላይ ሹክሹክታ፣ ሱቅ በር ላይ ጥቆማ፤
በአምስተኛው ወር አባቷ ፍራሽ ጫነ፣ በአይሱዙ፣ በጨለማ።
ያን ቀን ስብሰባ የለ፤ አጀንዳ አልተያዘ፤
ወዴት ትድረስ ብሎ ማንም አልተከዘ።
ታሪኩ ተፈታ፤
ታሪኳ ግን ይኸው አለ፣ እንደ ታሰረ፣ ማንም ሳይፈታ።

ደግሞም ያኔ ታሪኩ ካጥር ዘሎ አልመጣ፤
ሒሳብ እንዲያስጠናት ተጠርቶ፣ በበር ገብቶ፣ ሻይ ቀርቦለት ጠጣ።
ብንለካው ኖሮ በመምህሩ ክር
ዜሮ ሜትር ነበር።

ይህን በኅዳጉ ላይ ነው በእርሳስ የጻፍኩት፤
ሊቀመንበሩ እንዲያነብ ነው ወይስ እንዲሰርዝ? አላወቅሁት።

ሠላሳ አንድ ሰው «ይውጣ»፣ ዘጠኙ «ይቆይ» አለ፤
«ወዴት?» ከሚለው ፊት የተጻፈ የለ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እጅ አላወጣሁም፤
ቀኜ ብዕር ይዟል። ግራዬን አላልኩም።

ማታ በዚያ ሳልፍ እትዬ አስካለን አየኋት፤
መስኮቱን በቆርቆሮ ስትደፍን፣ ሚስማሩ አልገባ ብሏት።
ብብቴ ሥር መዝገቡ፣ ገና ያልተፈረመ፤
እግሬ ልለፍ አለ፤ ከዚያ ግን ቆመ።
አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። መታች። አልተያየን።
ከውስጥ ሰው ሲያስል ሰማን።