ሦስት ጠርሙስ

ከቂሊንጦ በታች፣ ካዲሱ ጉድጓድ፣
ሦስት ጠርሙስ ቀዳሁ፣ በጀት እንደሚፈቅድ።

አምና አንዱ ጠርሙስ ቀልሞ ቢታየኝ
«ተበክሏል» ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁኝ።
ብርቂቱ ሦስት ወር፣ ጄሪካን በጀርባ፣
አቃቂ ወንዝ ወርዳ፣ ክረምቱ እስኪገባ…
ለካ ጠርሙሱን ነው በቅጡ ያላጠብሁ፤
ውሃው ንጹሕ ነበር። በሐሰት ከሰስሁ።

ዘንድሮ ፈርቼ መስፈርት አጠበቅሁ፤
ሦስቱም ዝም አሉኝ። ዝምታውን ጠረጠርሁ።
አለቃዬ «‹የለም› ብለህ ፈርም» አለ።
«አልተገኘም» ጻፍሁ።
«ምን ልዩነት አለ?»

ባትሪው ደክሞ ሳለ ጓዳ የፈተሸ
«ሌባ የለም» ብሎ ይተኛል፣ ከመሸ?

ብርቂቱ መጥታ «ልቅዳ?» ትለኛለች።
ቆዪ፣
አራተኛ ጠርሙስ፣ ከደሞዜ የገዛሁት፣
እያጠብሁ ነው።