የዳኛው ቁንጫ

ውሻዬን ዳኛው አልኩት፣ ፍርድ ባያውቅም፤
ሐምሌ ከገባ ወዲህ እንቅልፉ አይዘልቅም።
ከሲንጀሬ ሥር ተጋድሞ ወለሉን በእግሩ ይመታል፣
ልክ እንደ እኔ ፔዳል
ኳ ኳ፣ ኳ ኳ ይላል፤
የማይታይ ጨርቅ ሲሰፋ ያድራል።

ሱቄ ሐይቅ ከተማ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ።
ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤
አንዱ «ናፍጣ ቀባው» ብሎ በዳኛው ላይ በየነ።
«ናፍጣ የኢሱዙ ነው፤ ይኼ ቆዳ አለው፤
ሲልሰው ያድራል፤ አንጀቱን ላቃጥለው?»
ሌላዋ «ነጭ ሽንኩርት አብላው» አለች በር ላይ ቆማ፤
ሽንኩርት የውሻ ደም ጠላት ነው፤ ዝም አልኩ ሳልስማማ።

ማታ ሱቁን ዘግቼ፣
የአቡጀዲ ቁራጭ ወለሉ ላይ አንጥፌ፣
ዳኛውን እንደ ሕፃን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣
ከአንገት እስከ ጭራ ሚዶውን ባወርደው፣
እንደ ኑግ ብናኝ ጥቁር ነጥብ አራገፈው።
ቆሻሻ መስሎኝ ነበር።
ጣቴን ውሃ ነክሬ ጠብ ባደርግበት፣ ቀላ።
ደም ነው።
የዳኛው ደም፣ ተጠጥቶ፣ ተጥሎ፣ ደርቆ፣
ለምስክር ቀረበ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደምቆ።
ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን አየሁ።
የእኔም አለበት ለካ።
ቁንጫ መዝገብ አይዝም፣ የማን የማን እንደሆነ።

«አብሽር፣ ኳኳታውን ሰማሁ» አለችኝ ሰዓዳ፣
የኒም ቅጠል አቀብላኝ በአጥሩ ቀዳዳ፤
ልጇ ከባቲ ሲመጣ በፌስታል የያዘው።
«አፍላው፤ ለብ ይበል፤ ከዚያ ገላውን እጠበው፤
ዓይኑ እንዳይገባ፤ የቆሰለውን ተወው።
ሽቶን ግን አልነካት፤ ድመት ምላሷ ነው እጥበቷ፤
ጠጉሯን የነካ ሁሉ ይደርሳል ከአንጀቷ።»

ውሻ ገበያው ነው እንጂ ስንጥቅ ነው ሀገሩ፤
እንቁላሉ ወለል ውስጥ፣ ጆንያው ነው መንደሩ።
ጠረግሁ። ጨው ነሰነስሁ። ጆንያውን አጠብሁ በእንዶድ፣
ቆርቆሮ ላይ ሰጣሁት፣ ፀሐይ እንድትፈርድ፤
ሐምሌ ናትና ፀሐይ
ሁለት ሰዓት ብቻ አስችላ፣ ቀጠሮ ሰጥታ ሄደች።

ማታ ማታ ደግሞ ሳህን ሙሉ ውሃ፣
ሳሙና ጠብ ያልኩበት፣
ሻማ አጠገቡ አቆምሁ።
ብርሃን ብለው ዘለሉ።
ጠዋት ቆጠርኋቸው፤ አሥራ ዘጠኝ።
በማግስቱ አሥራ አንድ።
በሦስተኛው ቀን ሃያ ስድስት፣
ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካስ አዲስ ተፈልፋይ ነው፤
ሰዓዳ በአጥሩ በኩል «ሰብር» አለች፣ ሳትጠየቅ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።
ፍልሰታ ሲገባ፣ አንድ ሌሊት፣ ድንገት ነቃሁ።
ምንም የለም።
የሚመታ እግር የለም፣ የሚያስተጋባ ወለል፤
ዳኛው ተዘርግቷል፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል።
ወንደላጤ ነኝ፤ ለካስ ያ ኳኳታ
ሰው ያለ ያስመስል ነበር ቤቴን ማታ ማታ።

በሩን ከፍቼ ቆምሁ። ከሐይቁ በኩል ጉም።
ከዚያ ከሰዓዳ ግቢ፣
በጣም ቀጭን፣ በጣም ፈጣን፣
ጠቅ ጠቅ ጠቅ፤
የድመት እግር።

ሚዶውን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቀለልሁ፣
በጨለማ ሄጄ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥሁ።

ሲነጋ ሚዶው የለም።