በሳሙና ላይ የታተመ ቁልፍ

ፎርሙ አንድ ወረቀት ነው፣ ሦስት ባዶ መስመር፣
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚል ቁጥር።
ከኮምቦልቻ ግቢ ይዤው ወጣሁ ዓርብ ለት፣
ሰኞ ሊመለስ ነው ፊርማዬ አርፎበት።

ሐረጎን ስንወጣ ሚኒባሱ ትንፋሽ ሲያጥረው፣
የጦሳ ጭጋግ ወርዶ መስኮቱን በእጁ ሲዳስሰው፣
አጎቴ ይመር ከባቲ ደወለ፤ «ሲቪል ነው» አለ፣ «ሌላው ቀልድ ነው፤
ድልድይ ያቆምሽ እንደሁ ያለፈ ሁሉ ያመሰግንሻል፣
የማይታይ ሥራ ግን ምን ብሎ ያበላሻል?»
(«ያበላሻል» ጥርሴ ላይ ቀረች፣
አንዴ ጉርሻ፣ አንዴ ጥፋት እየሆነች።)

ረምላ ሶፍትዌር አለች፤ ወንድሜ መካኒካል፤
ሁሉም የራሱን ሕልም በኔ እጅ ሊጽፍ ይከጅላል።
የኔ ዓይን ግን ያረፈው ታች፣ ዘንድሮ የተጨመረው ላይ ነው፦
«የተገናኙ ዕቃዎችና የሳይበር ደህንነት ምህንድስና»፤ ስሙ ረጅም ነው፣
ወረቀቱ አልበቃው ብሎ
ኅዳጉን አልፏል ተንጠልጥሎ።

እናቴን በምን ላስረዳት? «ዕቃ ለዕቃ ያወራል» ስል
«ቢስሚላህ!» ብላ ብድግ አለች፣ ጂን የጠራሁ ይመስል።
«የውሃ ቆጣሪው ለፓምፑ፣ ፓምፑ ለስልክ፣ ስልኩ ለማናውቀው አገር፣
ሌሊቱን ሙሉ ያወጋል፤ ሰው ሲተኛ አይተኛም ነገር።»
«ታዲያ ሐሜት ነዋ!» አለች።
ስቄ ዝም አልኩ። ከዚህ የቀረበ ትርጉም መምህሩም አልነገረን።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ዘምዘም፣ የቦርከናው ዳር ሆቴል ባለቤት፣
«ካሜራዬ ጨልሟል፣ ነይ እይልኝ» ብላ ላከችብኝ በሌሊት።
ጠገንኩት። የይለፍ ቃሉ ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሕፃን አፉን የሚፈታበት ቁጥር።
ሣጥኗን፣ ጓዳዋን፣ ጥግ ላይ የምታጠና ልጇን
ማንም ካለበት ሆኖ ያያል፤ እሷ ግን ትቆልፋለች ደጇን፣
ሦስት ጊዜ፣ አባቴ በሠራው ቁልፍ፣ አባቴ በሸጠው ጓጉንቸር፤
ከዚያ አልሐምዱሊላህ ብላ ትተኛለች፣ ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት ሲጠቅስ ሲያድር።

አባቴ እንድሪስ አራዳ፣ ከጫማ ቤቱ በረንዳ ላይ
ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ሞርዷል፤ ጣቱ ነሐስ ይመስላል ሲታይ።
ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ሰው መጣ፣ ኮቱ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ፣
ከኪሱ ሳሙና አወጣ፤ በመሃሉ የቁልፍ ጠባሳ።
«እንዲህ ያለ ሥራልኝ» አለ፤ ገንዘቡ የወር ገቢያችን ሁለት እጥፍ።
አባቴ ሳሙናውን ተቀበለ፣ አየው አቅርቦ ወደ ዓይኑ፣
ከጆጉ ውሃ አፍስሶ ታጠበበት፣ አረፋውን እንደ ጓንት አጥልቆ እስከ ክርኑ።
የቁልፉ ጠባሳ ሟሟ፤ ሰውዬው ሄደ ሳይሰናበት።
«የሰው ቤት ነው» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረበት።

ቁልፍ ለጠፋበት ሰው ውድቅት ላይም ቢሆን ይነሣል ሊከፍትለት፤
ባለቤቱ ግን አጠገቡ ይቁም፣ ሁለት ጎረቤትም ይመስክርለት።
ሊከፍት ችሎ ያልከፈተው ደጅ ብዛቱ፣
እሱ ነው የአባቴ ሀብቱ።

ቅዳሜ ማታ ፎርሙን ከሞረዱ አጠገብ ዘረጋሁለት፤
የብረት ብናኝ አረፈበት።
እስክሪብቶዬ ከመጀመሪያው መስመር አፍ ላይ ቆማለች፣ እንደ ሚኒባሱ በዳገት።
«ፈርቻለሁ፣ አባ፤ ሂሳቡ ከባድ፣ ሥራውም ገና አልታወቀ፤
ሌባው ፊት የለው፣ ዱካ የለው፣ ካለበት ሳይነሣ ነው የሰረቀ።
ሁሉም በየፊናው መከረኝ፤ አንተስ ምን ትላለህ?»

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣
ያንን ረጅም ስም በጣቱ እየተከተለ፣ እየሰባበረ አነበበው።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ ያልለመደውን ጓጉንቸር እንዳመጣ ደንበኛ አየኝ፣
አንዲት ነገር ጠየቀኝ፦

«እሺ፤ ቀዳዳው የት ነው?»

መልስ አልነበረኝም።
አራት ዓመት የምማረው እሱኑ ነው።
ጻፍኩት፤ ፊደሉን ጨምቄ፣ አጠጋግቼ፣ ከኅዳጉ ሳላስወጣው።
እሱ ወደ ሞረዱ ዞረ፤
ያደረ ሥራ ነበረው።